የእንዶዱ ሊቅ፤ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና የመምህር ሸክም

እኔ የሰበታ ልጅ ነኝ። በግቢያችን አጥር ላይ እንዶድ ተጠምጥሞ ይኖራል። ሳሙና በየሱቁ በሞላበት በዛሬው ዘመን እንኳ እናቴ የበዓል ነጠላዋን ስታጥብ ከሳሙናው ይልቅ እንዶዱን ታምናለች። ፍሬውን አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ አረፋ ስታስነሣው እያየሁ አድጌአለሁ። ይሁን እንጂ ያ አረፋ የአንድን ኢትዮጵያዊ ሊቅ የሥራ ዕድሜ እንደ ወሰደ የተረዳሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ለመረዳት ያበቃኝም ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው የትምህርት ወቅት አንድ መምህራችን አዘውትረው ያረፍዱ ነበር። የሚኖሩት ሱሉልታ ነው፤ የቤት ኪራዩ ከመሀል ከተማው ይሻላል ብለው ነው። እኛም ተማሪዎች እንደ ልማዳችን አጉረመረምን። አንድ ቀን ዘመድ ልጠይቅ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚሄድ ታክሲ ስሳፈር ከእሳቸው አጠገብ ተቀመጥሁ። የፈተና ወረቀት ክምር በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ መኪናው ሲንገጫገጭ እስክሪብቷቸውን እያነሡ፣ ሲቆም እየጻፉ ያርሙ ነበር። ትምህርት ሲጀመር ሊሠሩት አስበው ስለ ነገሩን የምርምር ሥራ ብጠይቃቸው ፈገግ አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኋቸውም። በኋላ ግን ሳጣራ፣ ከሰበታም ሆነ ከቡራዩ እንደዚሁ የሚመላለሱ መምህራን ጥቂት እንዳይደሉ ተረዳሁ።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቅህ አለኝ። የመምህር ድካምና ጭንቀት የምርምሩን ፍሬ ምን ያህል ይነካዋል? ድካም ሁሉስ አንድ ዓይነት ነውን? የኪነ ጥበብ ተማሪ እንጂ የሳይንስ ተማሪ ስላልሆንሁ መልሱን ከቁጥር ውስጥ ለመፈለግ አቅሙ የለኝም፤ ከሰው ሕይወት ውስጥ ግን መፈለግ እችላለሁ። ስለዚህ በዚሁ በእኛ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩትን የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ለአንባቢ ላቀርብ ተነሣሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረበት ዘመን አካባቢ ነው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን ወደ አሜሪካ ተሻግረው ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በዶክተርነት ማዕረግ ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም ያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ጥናታቸው በሰው አካል ውስጥ ተጠግተው ስለሚኖሩ ጥገኛ ተሐዋስያን ነበር። ከእነዚህም መካከል ዋናው ቢልሃርዚያ ነው።

ቢልሃርዚያ ስሙን ያገኘው በ1851 ካይሮ ላይ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። አመጣጡን በአጭሩ ላስረዳ። የታመመ ሰው ከዓይነ ምድሩ ጋር የትሉን ዕንቁላል ያወጣል። ዕንቁላሉ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነፍስ ግን በቀጥታ ወደ ሰው መመለስ አይችልም፤ አስቀድሞ በውሃ ውስጥ በሚኖር በአንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ገብቶ መራባት አለበት። ከዚያ ሲወጣ ውሃ የሚቀዳውን፣ ልብስ የሚያጥበውን፣ የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሕመሙ ቶሎ አይገድልም፤ ነገር ግን አንጀትንና ጉበትን እያደከመ የሰውን ጉልበት ቀስ በቀስ ይበላል። ይልቁንም ወንዝ ዳር የሚጫወቱትን ሕፃናት ያጠቃል። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ በዚህ በሽታ የተያዘው ሕዝብ ከሁለት መቶ ሚሊዮን ያላነሰ እንደ ሆነ ይገመት ነበር።

ከላይ እንዳየነው በሽታው ያለ ቀንድ አውጣው መተላለፍ አይችልም። ቀንድ አውጣውን ያጠፋ ሰው ድልድዩን አፈረሰ ማለት ነው። በፋብሪካ የሚሠራ የቀንድ አውጣ መድኃኒት በዓለም ገበያ ነበረ፤ ዋጋው ግን የአንድ ድኻ አገር ወንዞችን ሁሉ ለማዳረስ የሚቀመስ አልነበረም።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ቀንድ አውጣዎቹ የት የት እንደሚገኙ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። ጅረት ለጅረት እየወረዱ ሲቈጥሩ አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ይገኛሉ፤ ከማጠቢያው ከፍ ብሎ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያን ጊዜ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወስደው ከአጣቢዋ ሴት ባገኙት የእንዶድ አረፋ ውስጥ ጨመሯቸው። ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ነገሩ ከዚህ ጀመረ። አስተውሉ፤ እናቶቻችን ለዘመናት የሚያውቁት ቅጠልና ፍሬ ነው፤ ጅረቱም ለዘመናት ሲፈስ የነበረ ነው። አዲስ የሆነው ነገር ዓይኑን ከፍቶ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ወንዝ ዳር ለመቀመጥ የቻለ መምህር መገኘቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የላቦራቶሪ ሥራ ተከተለ። ደርቆ የተወቀጠው የእንዶድ ፍሬ ለአንድ ሚሊዮን እጅ ውሃ ከ15 እስከ 30 እጅ ብቻ ቢጨመር ቀንድ አውጣዎቹን በአንድ ቀን ውስጥ እንደሚገድል ታወቀ። ደግሞም በውሃ ውስጥ ብዙ ሳይቈይ ስለሚበሰብስ እንደ ሌሎች መርዞች ለዓመታት ተከማችቶ አይኖርም። ዓሣን ይጎዳል፤ ይህ ጉድለቱ አልተደበቀም። የመጀመሪያው ጽሑፍ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ወጣ። በ1970 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በሚያሳትመው መጽሔት የላቦራቶሪውና የወንዙ ሙከራ ውጤት ታተመ።

በዚህ መካከል በ1966 ዶክተር አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ አሥር ዓመት ያህልም መሩት። ሥራውን እንደ ቀላል ነገር እንዳናየው እለምናለሁ። ኢንስቲትዩት ማቋቋም ማለት ክፍል መለመን፣ ማይክሮስኮፕ መለመን፣ ሠራተኛ መቅጠር፣ በጀት መከራከር፣ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ሊቁ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸው ወጣት ነበሩ። ምርምራቸውን ለመሥራት መጀመሪያ የምርምሩን ቤት መሥራት ነበረባቸው። በሌላ አገር አንድ ተመራማሪ ተሠርቶ የሚቈየውን ነገር በእኛ አገር ተመራማሪው ራሱ ድንጋይ ሲያቀብል ይውላል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ዓመታት ድካም የበዛባቸው ቢሆኑም ፍሬያቸውም የበዛ ነበር። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት በዐድዋ ትልቁ ሙከራ ተካሄደ። የከተማይቱ ጅረቶች በየጊዜው እንዶድ ይጨመርባቸው ነበር። እንዶዱ ከውጭ የተገዛ ሳይሆን በአገር የበቀለ ነው። ሙከራው ሲጀመር በጠቅላላው ከሕዝቡ 63 ከመቶ በበሽታው ተይዞ ነበር፤ ሲፈጸም ወደ 33 ከመቶ ወረደ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ግን ለውጡ የበለጠ ነው፤ ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ዝቅ አለ። የሕፃናቱ ቁጥር ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው፣ በነዚያ ዓመታት የተወለዱ ልጆች የሚነኩት ውሃ ከፊተኛው የተሻለ እንደ ነበር ስለሚያሳይ ነው። እንደዚሁም በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ቅመም ከፍሬው ተለይቶ በወጣ ጊዜ በኢትዮጵያዊው ሊቅ ስም ለማቶክሲን ተባለ።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ነገሩ በቶሎ ሥራ ላይ ውሎ ይሆናል ብለህ ትጠብቅ ይሆናል። እኔም ጠብቄ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እንዶዱ በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት የሌለው መሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ በተመሰከረለት ላቦራቶሪ እንዲረጋገጥ ጠየቁ። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ወደ ሰው የመጠጥ ውሃ የሚገባ ነገር መመርመር አለበት። ክፉው ነገር፣ ይህን ምርመራ የሚያሟላ ላቦራቶሪ በአገራችን አለመኖሩና በውጭ አገር ለማሠራትም የሚጠይቀውን ብዙ ገንዘብ የሚሰጥ አለመገኘቱ ነው። ገንዘብ ያላቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይመስክርለት ይላሉ፤ ድርጅቱ ምርመራው ይቅረብ ይላል፤ ምርመራው ያለ ገንዘብ አይሠራም። ሊቁ በዚህ ክብ ውስጥ ሲዞሩ ዓመታት ነጐዱ። ራሳቸውም በኋላ ዘመን በጻፉትና በተናገሩት ውስጥ ከሁሉ አብልጠው ያዘኑት፣ በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት በአፍሪካ ስለ ተገኘ ብቻ በጥርጣሬ መታየቱን ነው።

በአገር ውስጥም ጊዜው የተረጋጋ አልነበረም። በ1974 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደቀ። ዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርቱን አቋርጦ ተማሪውና መምህሩ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማራ። የዐድዋው ሙከራ የተፈጸመው በዚሁ ዓመት ነው፤ ውጤቱ ተሟልቶ በሳይንስ መጽሔት የታተመው ግን በ1983 ነው። ወንዝ ዳር የተሰበሰበ ዕውቀት ወረቀት ላይ እስኪሰፍር ዘጠኝ ዓመት አለፈ ማለት ነው። የምርምር ፍሬ በጸጥታ ማጣት እንዴት እንደሚዘገይ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ዶክተር አክሊሉም በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢንስቲትዩቱን ለሌሎች ትተው ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሄዱ። በሳይንስና በቴክኖሎጂ ልማት ክፍል አገለገሉ፤ በኋላም በኢጣሊያ በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። ሰው ኖሮበት የሚሠራበት ወንበር አገኙ። ነገር ግን ከጅረቱ ራቁ። ዐድዋ ላይ ጎንበስ ብለው ቀንድ አውጣ የቈጠሩት ዓይኖች ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ያረፉት በሪፖርት ላይ ነው። ስለ መሄዳቸው ሊወቅሳቸው የሚነሣ ቢኖር አስቀድሞ ከላይ የዘረዘርሁትን ክብ መልሶ ይቍጠር።

እንዶዱን ግን አልተዉትም። በአገር ቤት የቀሩት ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድን ዝርያ ከየክፍለ አገሩ እየሰበሰቡ፣ እየተከሉ፣ እያመዛዘኑ ከሁሉ የበለጠውን ለዩ፤ ይኸውም ዝርያ 44 የተባለው ነው። በ1986 በሉሳካ የእንዶድ ሊቃውንት ተሰብስበው መከሩ። በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ርዳታም ለብዙ ዓመታት የተጠየቀው የደኅንነት ምርመራ በመጨረሻ ተሠራ። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በኅብረት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ዶክተር አክሊሉ ከፊንላንዳዊው ሊቅ ከፔንቲ ማላስካ ጋር ስለ አፍሪካ ከረሃብ በኋላ ስላለው ተስፋ ያዘጋጁት መጽሐፍ ታተመ።

አንድ አስገራሚ ነገር ልጨምር። በዚያን ጊዜ አካባቢ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከውጭ በመርከብ የገባ ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረት እየተራባ የውሃ ቧንቧዎችን ሁሉ ይዘጋ ጀመር። በ1990 ዶክተር አክሊሉ በኦሃዮ ወደሚገኘው ወደ ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ሳሉ እንዶድ ይህንንም ፍጥረት እንደሚገድል በላቦራቶሪ ታየ። የአሜሪካን ቧንቧ ያድን ይሆናል በተባለ ጊዜ እንዶድ ወዲያው ጋዜጣ ላይ ወጣ። የዐድዋ ሕፃናት ሃያ አምስት ዓመት የጠበቁትን ጆሮ ቧንቧው በአንድ ወቅት አገኘ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በኤፕሪል 5 ቀን 1997 ዐረፉ። ከስድሳ ዓመት ብዙም አልዘለሉም። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ይጠራል። በቢልሃርዚያ ላይ የሚደረገው ትግል በአሁኑ ጊዜ በይበልጥ የሚመካው ለተማሪ ቤት ልጆች በሚሰጥ በሚዋጥ ክኒን ነው። እንዶድ ያኔ እንደ ታሰበለት በየወንዙ አልተዳረሰም። ክኒኑ የታመመውን ያድናል፤ ወንዙ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ግን አይነካም። ስለዚህ የሊቁ ጥያቄ ገና አልተዘጋም።

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። የዶክተር አክሊሉን ሕይወት ደጋግሜ ሳስብ ሁለት ዓይነት ድካም እንዳለ ተገለጠልኝ። አንደኛው ወንዝ ለወንዝ የመውረድ፣ ሌሊት ማይክሮስኮፕ ላይ የማጎንበስ ድካም ነው። ይህ ድካም ሰውን አያከስረውም፤ ማታ ሲተኛ ነገ የሚሠራውን እያሰበ ያስተኛዋል። ሁለተኛው ግን የመጠበቅ፣ የመለመን፣ የተናገሩትን ሳይታመኑ መልሶ መናገር ድካም ነው። ሰውነት ሳይላብ ልብ ይዝላል። ዶክተር አክሊሉ የመጀመሪያውን በጉልበታቸው ተሸከሙት፤ ጽሑፉም፣ ኢንስቲትዩቱም፣ የዐድዋው ውጤትም የዚያ ፍሬዎች ናቸው። ሁለተኛው ግን ከአገራቸው አወጣቸው፤ አንድ ግኝት ጉዳት የሌለው መሆኑን ለማስመስከር ብቻ ሩብ ምዕተ ዓመት አስፈጀ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ሊቅ ከሆነ በችግርም መካከል ይሠራል ይላሉ። እርግጥ ነው፤ ሠርተዋል። ነገር ግን በችግር መካከል አንድ አክሊሉ ቢያልፍ በዚያው ችግር ሥር ስንት አክሊሉ እንደ ቀረ ማን ቈጠረ? በሰበታና በቡራዩ ታክሲ ውስጥ ወረቀት የሚያርመው መምህር በልቡ የያዘውን ጥያቄ ወንዝ ዳር ወርዶ የሚያይበት አንድ ሙሉ ቀን ካላገኘ፣ ዕውቀቱ ቢኖረውም የሞተውን ቀንድ አውጣ አያየውም። የጅረቱ ምስክርነት ጊዜ ላለው ዓይን ብቻ ነው።

እኛ ተማሪዎች ደመወዝ መጨመር አንችልም፤ ላቦራቶሪም መሥራት አንችልም። ቢሆንም ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የዐድዋውንም ሥራ አንድ ሰው ብቻውን አልሠራውም፤ ጅረቱን የጠበቁ፣ እንዶዱን የወቀጡ፣ ሕፃናቱን የመረመሩ፣ ቁጥሩን የጻፉ ብዙ እጆች ነበሩበት። ከእኛም መካከል የሰበታ፣ የቡራዩ፣ የሱሉልታ ልጆች ብዙ ነን። በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ ለመምህራኖቻችን ጥናት የሚሆን መጠይቅ ይዘን ብንሄድ፣ የሰበሰብነውን በሥርዓት ጽፈን ብንመልስ፣ የእኛም ትምህርት ይሰፋል፣ የእነሱም ሸክም ይቀላል። ማኅበራችንም ይህን እንደ አንድ ሥራው ቢይዘው ደግ ነበር።

እኔ በበኩሌ ጀምሬአለሁ። በዚህ ወቅት መጀመሪያ ሦስት ሆነን ወደ እነዚያ መምህር ሄድንና ስለዚያ ስለ ቀረው ምርምር እንደገና ጠየቅናቸው። በመጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥለው ከመሳቢያቸው አቧራ የነካው ፋይል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ውስጡ ሁለት መቶ ያህል የተሞላ መጠይቅ አለ፤ አንድም ገና አልተቈጠረም። አሁን በየቅዳሜው እየተገናኘን እንቈጥራለን፤ እስካሁን ሰባ ደርሰናል። መምህራችን ዛሬም ያረፍዳሉ፤ የሱሉልታ መንገድ አልተለወጠም። እኛ ግን ማጉረምረሙን ትተናል።